“ለከሰል ነው” ያልነው ተሳቢ

የእኔ ፒካፕ መጫኛዋ አጭር ናት። ጋቢናዋ ድርብ ስለሆነ ለኋላው የተረፈው ቦታ ትንሽ ነው፤ በያጆች ካሶኒ የሚሉት ያ መጫኛ፣ ረጅም ሰው እግሩን ዘርግቶ አይተኛበትም። ስገዛት ለችግኝና ለድንች ማመላለሻ ብዬ ነበር፤ ለዚያ አላሳፈረችኝም። አንድ ቀን ታዲያ አባቴ ከኋላዋ ቆሞ ወለሏን በከዘራው ለካና፣ “ፈረስ አይቆምባትም” አለ።

“ፈረስ ምን ሊሠራባት?” አልኩት።

ዝም አለ። አባቴ ዝም ካለ ነገሩን ጨርሶታል ማለት ነው፤ የቀረው እኔ እስኪገባኝ መጠበቅ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም፤ ቶሎ የሚግል ሰው ነኝ፣ ይህን ቤተሰቡም ጎረቤቱም ያውቀዋል። “አባዬ፣ በሞቴ ተናገር እንጂ!” ብዬ ጮህኩ። ያን ጊዜ ነው የነገረኝ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ፈረሰኛ ነበር። በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት የፈረስ ባልንጀሮቹ ፈረሶቻቸውን ሸልመው ለቅሶው ሜዳ ላይ ይዞራሉ። የሟቹም ፈረስ ኮርቻው ባዶ ሆኖ በሰው እጅ ይሳባል። ከሁሉም ፊት የሚመራው ግን የቅርብ ባልንጀራው ነው። አባቴ ዳንግላ አንድ ባልንጀራ ነበረው፤ አብረው ጋልበው አብረው የሸበቱ። እኔ እሳቸውን “አያ” ነው የምላቸው። ሁለቱ በጎልማሳነታቸው ቃል ተገባብተዋል፤ ቀድሞ የሚሄደውን፣ የቀረው በገዛ ፈረሱ ላይ ሆኖ ከፊት እየመራ ሊሸኘው።

አሁን አያ ታመው ተኝተዋል። ባሕር ዳር ያዩዋቸው ሐኪሞች ቤታቸው ገብተው እንዲያርፉ መክረዋቸዋል። “ቤትህ ግባና አረፍ በል” ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። አባቴ ደግሞ ጉልበቱ ከከዳው ቆይቷል፤ ከእንጅባራ ዳንግላ ድረስ ኮርቻ ላይ መቀመጥ አይችልም። ፈረሱ፣ ጥርባ መንደር ዘመዳችን ቤት የሚጠበቀው ዳማው፣ እሱም አርጅቷል። ሁለቱም ቢበዛ ቢበዛ አንድ ሜዳ መዞር ነው የሚችሉት።

“እዚያው ዳንግላ ፈረስ እንዋሳለና” አልኩ።

“ባልንጀራዬን በተውሶ ፈረስ ልሸኘው?” አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ያየኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም፤ ልጁ ሳልሆን አንድ መንገደኛ የሆንኩ ያህል ነው ያየኝ።

“እንግዲያው የጭነት መኪና እንከራይ።”

“ጠዋት ተነግሮ ከሰዓት ለሚፈጸም ቀብር፣ ያን ለት መኪና ከየት ታመጣለህ? ቢገኝስ፣ ዳማው በዚያ ጉልበቱ ሽቅብ ይዘልልሃል?”

የሚሻለው ከፒካፗ ኋላ የሚጎተት፣ ወለሉ ዝቅ ያለ፣ ፈረስ ተራምዶ የሚገባበት ተሳቢ ነበር፤ እሱም አስቀድሞ ተሠርቶ መቀመጥ አለበት። አባቴ ከሰው ጋር ያልጨረሰው ነገር ይህ አንዱ ብቻ ነው። መሬቱን አከፋፍሏል፣ የተጣላውን ታርቋል። ይህን ቃል ሳይፈጽም ቢቀር ግን በሰላም እንደማያርፍ አውቅ ነበር። “እሺ” አልኩ።

ችግሩ የመጣው ተሳቢውን የሚሠራልን በያጅ ዘንድ ስንደርስ ነው። በቁም ላለ ሰው ቀብር መሰናዳት ሟርት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ በአፍ አይወጣም፤ ከወጣ ደግሞ ወጥቶ አይቀርም፣ በነጋታው ዳንግላ ይሰማል። ከቤት ስንወጣ ምን እንደምንል አልተመካከርንም። ሁለታችንም ሌላኛው ያሰበበት መስሎናል።

በያጁ በከባድ መኪና ጋራዥ ብዙ ዓመት የሠራ፣ ቀጥ ያለ ሰው ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የመጀመሪያ ጥያቄው፣ “ምን ልትጭኑበት ነው?” የሚል ነበር።

“ከሰል” አልኩ። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። ከአዲስ ቅዳም በኩል የሚመጣው መኪና ሁሉ ከሰል ነው የሚጭነው፤ በዚህ አገር ከሰል ላመላልስ ነው ያለን ሰው ማን ይጠረጥራል? አባቴ መሬት መሬት አየ። ውሸቱን አልወደደውም፤ ግን አላረመኝም።

“ከሰል ከሆነማ ቀላል ነው” አለ በያጁ። “ከሰል ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል። ከኋላ መከላከያዋ ሥር መጎተቻ ጋንቾ በይጄ ላዩ ላይ የብረት ኳስ አደርግልሃለሁ። ተሳቢውን ትሰካለህ፣ ትጎትታለህ፣ አለቀ።”

“ሌላ ዓይነት የለውም?” አለ አባቴ።

“አለው አባቴ። እንደ ትልልቆቹ ተሳቢዎች፣ ካሶኒው ውስጥ፣ ልክ ከኋላ ጎማው በላይ መቀመጫ ብረት መትከል ይቻላል። ተሳቢው አንገቱን እዚያ ላይ ያሳርፋል። እሱ አይወዛወዝም። ግን የናንተ መኪና አጭር ናት፤ ጠበብ ያለ ቦታ ስትታጠፍ የተሳቢው ጥግ ጋቢናውን ይመታዋል። ለከሰል ብላችሁ ምን አደከማችሁ?”

እውነቱን ነው፤ ለከሰል ምን አደከመን? ጋንቾው ተበየደ፣ ተሳቢው በሳምንቱ ቀለም ተቀባ። አባቴ ወለሉን በእጁ እየዳበሰ፣ “ጭድ ብናነጥፍበት ይበቃዋል” ሲል በያጁ ሰምቶ ግራ ገብቶት አየን። ለከሰል ጭድ!

ቅዳሜ ዕለት ጥርባ ሄድን። ዳማው በአባቴ ድምፅ ብቻ ተሳቢው ውስጥ ገባ። አባቴ ያን ፈረስ የሚያናግረው በአዊኛ ነው፤ ለሰው ሲናገር ያላየሁበት ልስላሴ አለው። እኔ ነዳሁ፣ እሱ ጎኔ ተቀመጠ። አስፋልቱ ላይ እስክንወጣ ሁሉ ሰላም ነበር። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ከባድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈንና ዳማው ደንግጦ ወደ ጎን ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። ተሳቢው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ደግሞ ባሰበት፤ የመኪናዬ ጅራት አብሮ ይወዛወዝ ጀመር፣ መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ መርገጥ አልነበረብኝም። አንዱ የተሳቢው ጎማ ቦዩ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቆመ።

ስንወርድ ዳማው በፊት ጉልበቱ ተንበርክኳል። ሁለቱም ጉልበቱ ደምቷል። አባቴ ከዘራውን ጥሎ እያነከሰ ገባና የፈረሱን ራስ አቀፈ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ በዱላ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ፈረሱን በእግሩ ወደ ዘመዳችን ቤት መልሰን፣ ባዶውን ተሳቢ በያጁ ደጅ አቆምነው። በያጁ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። የወለሉን ደም በጣቱ ነካና ቀና አለ።

“ከሰል ይደማል እንዴ?” አለኝ።

የመለሰለት አባቴ ነው። አንዲት በርሜል ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገረው፤ ባልንጀራውን፣ ቃሉን፣ ዳማውን። ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ቋንቋ፣ “እሱ ሲሞት ፈረሴን የማደርስበት ነው” ሲል ሰማሁት። እኔ ማማተብ ሁሉ አማረኝ።

በያጁ ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው። “ወላሂ፣ ሰውን በውሸት ትገድላላችሁ እናንተ! ነፍስ ያለው ጭነት እኮ ይራመዳል፣ ይደነግጣል፣ ይደገፋል። እሱ ከመኪና ጅራት አይጎተትም። ፈረስ ነው ብትሉኝ ይህን ጋንቾ መቼ እነካዋለሁ?” አለን። ከዚያ አባቴን አየና ድምፁ ወረደ። “ይቅር ይበሉኝ አባቴ። እርስዎን አይደለም።”

እኔን ነው። ልክም ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያለንን ምርጫ አንድ በአንድ አሳየን። ጫማውን አውልቆ መኪና አደረገው፣ የብየዳ ኤሌክትሮድ ካርቶን ተሳቢ አደረገው። ካርቶኑን የጫማው ወገብ ላይ አሳርፎ ሲያዞረው ጥጉ የጫማውን አንገት መታ። “ይህ ጋቢናህ ነው፤ መስታወቱን ይዞት ይሄዳል” አለ። ካርቶኑን ወደ ኋላ፣ ወደ ተረከዙ ሳበው፤ አሁን ዞረ፣ ግን የጫማው አፍንጫ ከመሬት ተነሣ። “ከጎማው አልፎ ኋላ ከተከልኩት ደግሞ የፊት ጎማህ ይቀልና መሪ አይታዘዝህም። ዛሬ አይተኸዋል።”

“እና?” አልኩ፤ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር።

“እና የሚንሸራተት ነው የሚያስፈልጋችሁ። መቀመጫው ብረት በሁለት ሐዲድ ላይ ይሄዳል። መንገድ ላይ ስትሆን ከጎማው በላይ ተቆልፎ ይቀመጣል። ጠባብ ቦታ ልትታጠፍ ስትል ግን ትቆማለህ፣ ከተሳቢው ጎማ ፊት ድንጋይ ታኖራለህ፣ ቁልፉን ትነቅላለህ፣ መኪናዋን ብቻ ትንሽ ወደ ፊት ትነዳለህ። ተሳቢው ባለበት ሲቀር መቀመጫው ወደ ኋላ ይንሸራተትና ቦታ ይሰጥሃል፤ ቆልፈህ ድንጋዩን ታነሣና ትታጠፋለህ። የተሳቢውንም የፊት ጥግ ቆርጬ አሾለዋለሁ። ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ብረቱ እዚህ የለም፣ መብራቱም እንደምታዩት ነው።”

“ስንት ጊዜ?”

“ወር ገደማ።”

“አባዬ፣ ጊዜ የለንም” አልኩ። “እንደ ነገሩ ካሶኒው ውስጥ ይትከለውና እኔ ተጠንቅቄ እታጠፋለሁ።”

“ምን የሚያስቸኩል ነገር አለ?” አለ አባቴ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

የሚያስቸኩለውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን እንደገና በአፌ ልለው አልቻልኩም። አባቴ ወደ በያጁ ዞረና፣ “የሚንሸራተተውን ሥራልኝ። ዳማዬ ሁለተኛ ጊዜ አይንበረከክም” አለው። በቃ፣ ተቆረጠ።

ያ ወር ረጅም ነበር። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ፈጥኜ ቁጥሩን አያለሁ፤ የዳንግላ ቁጥር ካልሆነ ተመስገን እላለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ይብስብኛል፤ ምናልባት ተደውሎ ይሆን እያልኩ። አባቴ በየቀኑ በያጁ ጋ ይውላል። ያችን በርሜል የግሉ አደረጋት። ሐዲዱ ሲለካ ያያል፣ ብሎኑ ሲጠብቅ በከዘራው ይነካል፣ በያጁም ሳያማክረው የሚበይደው ነገር አልነበረም። ማታ ሲመለስ እግሩ አብጦ አያለሁ። ሲቀመጥ ስለሚውል ነው ብዬ አለፍኩት። ደረጃችን ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ ሲተነፍስም አይቻለሁ፤ ያው ጉልበቱ ነው አልኩ። ጆሮዬ ዳንግላ ነበር ያለው፤ ዓይኔ ደግሞ ብረቱ ላይ። ይህን አሁን ስጽፈው እርር ያደርገኛል። ቤቴ ውስጥ ያለውን ሰው አላየሁትም።

ሥራው ሲያልቅ እንደገና ጥርባ ሄድን። በዚህኛው ጊዜ ዳማውን ጭኜ ተሳቢው መኖሩን ረስቼው ነዳሁ። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ሆን ብዬ ጠባብ መታጠፊያ ፈለግኩ። አባቴ ከመንገዱ ዳር ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ መርጦ ከተሳቢው ጎማ ፊት ራሱ አኖረ፣ ቁልፉን ራሱ ነቀለ። መኪናዋን ወደ ፊት ስነዳት መቀመጫው ‘ሸርተት’ አለና ቆመ፤ አባቴ ቆልፎ ድንጋዩን አነሣ፤ ታጠፍኩ፤ የተሳቢው ጥግ ከጋቢናው መስታወት በአንድ ስንዝር ርቀት አለፈ። አባቴ ሳቀ። ጥርሱን ካየሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ድንጋዩንም ተሳቢው ውስጥ አስቀመጠና፣ “ይህ እዚሁ ይኑር፤ ያን ለት ድንጋይ ፍለጋ አንዞርም” አለ።

ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ አባቴ ፊቱን ሊታጠብ ወጥቶ ደጃፍ ላይ ባለው መደብ ተቀመጠ። ባለቤቴ ውኃውን ይዛ ስትደርስ አርፏል።

ጩኸቱን፣ የጎረቤቱን መሰብሰብ፣ የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም፤ አልችልምም። ሽማግሌዎቹ ቀብሩን ጥርባ፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብለው ቆረጡ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ዳንግላ ደወልኩ። ሴት ልጃቸው አነሣች። ስነግራት አለቀሰች፤ ከዚያ፣ “አባቴ እኮ ከአልጋ አይወርድም፣ እንዴት አድርጌ ነው የምነግረው?” አለችኝ። ከኋላዋ የአያን ድምፅ ሰማሁ። ስልኩን ቀምተዋት ነው መሰለኝ፣ ትንፋሻቸው ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

“ቀደመኝ?” አሉ።

“አዎ አያ።”

“ያ ተሳቢ አልቋል?” አሉኝ።

“ማን ነገረዎት?”

“ተው እንጂ ልጄ። በያጁ ዘንድ ወር ሙሉ በርሜል ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ዳንግላ ሆኜ አልሰማም? ለእኔ እንደሚያሠራው ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው የማድረው። አልቋል ወይ?”

“አልቋል።”

“እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ? ና ፈረሴንና እኔን ውሰደን።”

ሄድኩ። የአባቱን አስከሬን ቤት ውስጥ አስተኝቶ ሰው መኪና ይነዳል ወይ ያሉኝም ነበሩ። ዳንግላ ስደርስ ቤተሰቦቻቸው አያን በጋቢ ጠቅልለው፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው ደጅ ይጠብቁኛል። ሰውነታቸው አልቆ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ቡላ ፈረሳቸው ተሸልሟል። ተሳቢው ውስጥ ሲገባ አንዴም አላቅማማም፤ ዝቅ ያለ ነው፣ ተራምዶ ገባ። መንገዱን ሙሉ አያ ጎኔ፣ አባቴ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሄዱ። አዲስ ቅዳምን ስናልፍ ከባድ መኪና ጥሩምባ ነፋብን። ተሳቢው ንቅንቅ አላለም።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የምታስገባዋ መንገድ በሁለት የድንጋይ ካብ መካከል የምትታጠፍ፣ የጠበበች ናት። ቆምኩ። ወረድኩ። ድንጋዩ አባቴ ያስቀመጠበት ጥግ ላይ ነበር። ሳነሣው እጄ ላይ ከበደኝና እዚያው ተቀመጥኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ። አያ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጠበቁኝ፣ ቶሎ በል አላሉኝም። ከዚያ ድንጋዩን ከጎማው ፊት አኖርኩ፣ ቁልፉን ነቀልኩ፣ ወደ ፊት ነዳሁ፣ ቆልፌ ድንጋዩን አነሣሁና ታጠፍኩ። ተሳቢው ካቡንም ጋቢናውንም ሳይነካ ገባ።

ሜዳው ላይ አያን አራት ሰዎች ተሸክመው ቡላው ላይ አስቀመጧቸው። ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘዋቸዋል። ፈረሰኞቹ ከኋላቸው፣ ዳማው ባዶ ኮርቻውን ይዞ፣ ጉልበቱ ላይ ጠባሳው እየታየ። አያ አንድ ጊዜ ዞሩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእርምጃ። ግን ከፊት ነበሩ፣ ቀጥ ብለውም ነበር። ቃሉ ተፈጸመ፤ የፈጸመው ግን እኛ ያሰብነው ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ መልሼ ወሰድኳቸው። ዳንግላ ልንደርስ ስንል፣ “እንግዲህ የኔ ጊዜ ከፊት የሚሆን የለም” አሉ፣ የዝናብ ነገር እንደሚያወሩ።

አፌ ላይ የመጣው፣ “ኧረ ሟርት አይናገሩ አያ፣ ገና ብዙ ይኖራሉ” የሚለው ነው። እንደዚያ ነው የሚባለው፤ ሕይወቴን ሙሉም እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። ግን የዳማው ደም ተሳቢው ወለል ላይ ታየኝ። የአባቴ ያበጠ እግርም ታየኝ።

“እኔ እመጣለሁ” አልኳቸው። “ሲሞቱ እኔ ዳማውን ይዤ እመጣለሁ። ከፊት እኔ እሆናለሁ።”

ዞር ብለው አዩኝ። “መጋለብ ትችላለህ እንዴ?”

“አልችልም።”

“ወይ አንተ!” ብለው ሳቁ፣ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። “እንግዲያው ቶሎ ተማራ!”

አሁን በየጠዋቱ ጥርባ ሜዳ ላይ ዳማው ጀርባ ላይ ነኝ። ፈረሱ የሚሰማው በአዊኛ ነው፤ የኔ አዊኛ ደግሞ የከተማ ልጅ አዊኛ ነው፣ አንዳንዴ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆንብኛል። ሁለቴ ጥሎኛል። ትናንት አያ ራሳቸው ደውለው፣ “የት ደረስክ?” አሉኝ።

“ገና ነኝ አያ” አልኳቸው። “ሜዳውን አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልዞርኩትም።”

“ግድ የለም፣ አትቸኩል” አሉኝ። “እጠብቅሃለሁ።”